ሰላዩ ነግሯቸዋል፤ ታዲያ ለምን አልሰሙም?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የታክሲ ሹፌር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እሰማለሁ። ሞሳድና ሲአይኤ የማያውቁት ነገር የለም ይባላል። ታዲያ እስራኤል በ1973 ጦርነት ሲከፈትባት፣ ከ50 ዓመት በኋላም በ2023 እንዴት ሳታስበው ተያዘች? አሜሪካስ የሌለ መሣሪያ አለ ብላ ኢራቅ የገባችው እንዴት ነው? ተሳፋሪዎቼ ‹አውቀው ነው፣ ድራማ ነው› ይላሉ። እርስዎ ይህን ስለሚያስተምሩ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። የስለላ ተቋማትን ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ፣ ከዓድዋው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይኸውልዎ። ድራማ አይደለም። ጨርሶ አለማወቅም አይደለም። በ1973ም በ2023ም ወሬው ደርሶ ነበር፤ የታጣው የሚያምነው ሰው ነው። ኢራቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ወሬው ሐሰት ነበር፣ የሚያምነው ሰው ግን ሞልቶ ነበር።

ስለላ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ሥራው ግን ሁለት ነው። አንዱ ወሬውን ማምጣት ነው። ሰላዮች፣ ሳተላይቶችና ስልክ ጠላፊዎች የሚሠሩት ይህንን ነው። ሌላው የመጣውን ወሬ መመዘን ነው። ይህን የሚሠሩት ቢሮ ተቀምጠው ወረቀት የሚያነቡ ተንታኞች ናቸው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይባል የለ? መላ ጨማሪዎቹ እነሱ ናቸው። ትልልቆቹ ውድቀቶች በብዛት የሚደርሱትም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ግብፅና ሶርያ በጥቅምት 6 እስራኤልን ባጠቁበት በ1973ቱ ላይ ረዘም ልበል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ በመርማሪ ኮሚሽን ተፈትሾ ሰነዶቹም ስለተከፈቱ በግምት አንናገርም።

እስራኤል በዚያ ጊዜ ግብፅ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰው ነበራት። ስሙ አሽራፍ ማርዋን ይባላል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የገማል አብደል ናስር አማች ነው፤ ልጃቸውን ሞናን አግብቷል። ኋላም የአንዋር ሳዳት የቅርብ ረዳት ሆነ። በ1970 ለንደን ላይ የእስራኤልን ኤምባሲ በራሱ ፈቃድ አነጋገረ። ከዚያ በኋላ ለሞሳድ ያቀበላቸው ሰነዶች የትኛውም የስለላ ድርጅት በሕልሙ የሚመኛቸው ናቸው።

እነዚህ ሰነዶች አንድ ነገር ይሉ ነበር። ሳዳት የእስራኤልን አየር ኃይል የሚቋቋም የረጅም ርቀት ቦምብ ጣይ አውሮፕላንና ሚሳይል ከሶቪየት ኅብረት ሳያገኙ ጦርነት አይገቡም። ሶርያም ያለ ግብፅ ብቻዋን አትነሣም። የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ክፍል ይህን እንደ ሕግ ያዘው። ክፍሉ «አማን» ይባላል። ከእኛው «አማን ነው ወይ» ጋር ዝምድና የለውም፤ የዕብራይስጥ ምህጻረ ቃል ነው። እምነቱንም «ኮንሴፕትሲያ» ብለው ጠሩት፤ ጽንሰ ሐሳቡ እንደማለት ነው።

ችግሩ ጽንሰ ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ ትክክል መሆኑ ነው። ሳዳት በእርግጥ እንደዚያ ያስቡ ነበር። ኋላ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። እስራኤል የያዘችውን ሲና በሙሉ ማስመለስ አልችልም፣ ግን የስዊዝን ቦይ ተሻግሬ ትንሽ መሬት ብይዝ ዓለም ወደ ድርድር ይመጣል አሉ። ለዚህ የረጅም ርቀት ቦምብ ጣይ አያስፈልግም። ሰውየው ሲለወጡ የአማን ጽንሰ ሐሳብ ባለበት ቀረ።

በመስከረም 25 የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን በምስጢር እስራኤል ገቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየርን አግኝተው የሶርያ ጦር ለማጥቃት በሚያስችለው ቦታ ላይ መሆኑን ነገሯቸው። ግብፅም በቦዩ ማዶ ከፍተኛ ጦር አሰለፈች፤ «ዓመታዊ ልምምድ ነው» አለች። በዚያ ዓመት ተጠባባቂ ጦሯን ደጋግማ ጠርታ ደጋግማ በትናለች። ሰው ይህን አሥር ጊዜ ካየ በአሥራ አንደኛው አይደነግጥም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ አንድ ወጣት መኮንን አለ። ቢንያሚን ሲማን ቶቭ ይባላል። በደቡብ ዕዝ የመረጃ ክፍል ውስጥ ሌተናንት ነበር። በጥቅምት 1፣ እንደገናም በጥቅምት 3፣ «ይህ ልምምድ የጦርነት መሸፈኛ ነው» ብሎ ምክንያቶቹን ዘርዝሮ ጻፈ። አለቃው ወረቀቱን ወደ ላይ አላሳለፈውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዋናው መሥሪያ ቤት ልምምድ ነው ብሏል። የበታች መኮንን ከበላይ ቢሮ የተለየ ነገር ሲጽፍ ስሕተተኛው ማን እንደሚባል እርስዎም ያውቁታል።

ሌላም አለ። እስራኤል የግብፅን የመገናኛ መስመር የምትጠልፍበት ልዩ መሣሪያ ነበራት። የአማን አዛዥ ጄኔራል ኤሊ ዜይራ መሣሪያው እንዳይነቃበት ሰግተው አላስከፈቱትም። የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ዴቪድ ኤልአዛርና የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን ግን ተከፍቷል ብለው ያምኑ ነበር። ከመሣሪያው ምንም ስላልተሰማ ዝምታውን እንደ ምሥራች ቆጠሩት። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ እቆያለሁ። ማንም ባልሰማበት መሣሪያ «ምንም አልተሰማም» ብለው ተረጋጉ።

ከዚያ በጥቅምት 4 እና 5 የሶቪየት አማካሪ ቤተሰቦች ከግብፅና ከሶርያ በአውሮፕላን ወጡ። ይህ ሁሉንም አስጨነቀ። ያም ሆኖ የአማን ግምገማ «የጦርነት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው» የሚል ነበር።

በዚያው ሌሊት ማርዋን የሞሳዱን ኃላፊ ዝቪ ዛሚርን ለንደን ላይ አገኛቸው። «ነገ ነው» አላቸው። መልእክቱ ከንጋት በፊት እስራኤል ደረሰ። ጎልዳ ሜየር ከእንቅልፍ ተቀሰቀሱ። ጥቃቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ስለተባለ ምሽት 12 ሰዓት ተብሎ ተያዘ። የተጀመረው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው።

ይህ የሰዓት ነገር ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ። የእስራኤል ጦር አብዛኛው ተጠባባቂ ነው። ሰዉ ከቤቱ ተጠርቶ፣ ታጥቆ፣ ግንባር እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። የመከላከያ ዕቅዱ ሁሉ የተሠራው አማን ቢያንስ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል በሚል ነው። የተገኘው ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው። በስዊዝ ቦይ ዳር ምሽጎች ውስጥ የነበሩት ወታደሮች 450 ገደማ ብቻ ነበሩ። በሶርያ በኩል ደግሞ በጎላን ከፍታ ከ200 ያነሱ ታንኮች ከ1000 በላይ የሶርያ ታንኮች ተነሡባቸው። በጦርነቱ ከ2500 በላይ እስራኤላውያን ሞቱ። ከግብፅና ከሶርያ በኩል ያለቁት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣሉ።

«አውቀው ነው» ለሚሉት ተሳፋሪዎችዎ ከዚህ በኋላ የሆነውን ይንገሯቸው። ጉዳዩን የመረመረው የአግራናት ኮሚሽን በሚያዝያ 1974 ዜይራና ኤልአዛር ከሥራ እንዲነሡ መከረ። ጎልዳ ሜየር በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ። አውቆ የተወ ሰው ራሱን፣ አለቃውንና መንግሥቱን በአንድ ላይ አይቀብርም። ማርዋንም መጨረሻው አላማረም። ማንነቱ ይፋ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2007፣ ለንደን ካለው መኖሪያው በረንዳ ወድቆ ሞተ። ገፍተውት ይሁን ራሱን ጥሎ ወይም ተንሸራቶ፣ የእንግሊዝ ምርመራ መለየት አልቻለም።

ዜይራ ሞኝ እንዳይመስሉዎት። በጣም ብልህ ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት በፀደዩ ወራት ጦርነት ሊነሣ ነው ተብሎ እስራኤል በብዙ ገንዘብ ጦሯን አዘጋጅታ ነበር። ያኔ «አይነሣም» ያሉት ዜይራ ናቸው፤ ልክም ሆኑ። ከዚያ በኋላ ማን ይከራከራቸው? አንድ ጊዜ ከሁሉ ተለይቶ ልክ የሆነ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ አደገኛ ነው እላለሁ። ባልደረቦቼ ይህን አባባሌን አይወዱትም። ግን አልተውኩትም።

ማታለል የሚሠራውም በዚሁ በር በኩል ነው። ሰው ሊያምን የፈለገውን ከነገሩት ያምናል። ለዚህ ከዓድዋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17 ሺሕ የሚበልጥ ጦር ይዞ ሳውሪያ ላይ ሰፍሯል። ስንቁ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ይሰድቡታል። ጄኔራሎቹ ወደ ኋላ ማፈግፈግን አንፈልግም ብለዋል። እንዲህ በተጨነቀ ሰው ፊት ባሻይ አውዓሎም ቀረቡ። ጣሊያኖቹ ለጣሊያን የሚሰልሉ ናቸው ብለው ያምኗቸዋል። ልባቸው ግን ከኢትዮጵያ ወገን ነበር። የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ገሚሱም አክሱም ለጸሎት ሄዷል ብለው ነገሩት። ባራቲየሪ መስማት የፈለገው ይህንን ነበር። ጦሩን በሌሊት አንቀሳቀሰ። የካቲት 23 ንጋት ላይ የተበተነ ጦር አልጠበቀውም። እርግጥ የዓድዋ ድል በአንድ ሰው ወሬ የተገኘ አይደለም። የካርታ ስሕተቱ፣ የጦሩ ብዛት፣ የተዋጊው ጀግንነት ሁሉ አለበት። የአውዓሎም ብልሃት ግን ሥራውን ሠርቷል። ስማቸው በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከዚህ ሰፋ ብሎ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ወደ እስራኤል ልመለስ። ከ1973 በኋላ አማን ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል ተቋቋመ። ሥራው የሌላውን ግምገማ መቃወም ነው። «ኢፕካ ሚስታብራ» በሚል የአራማይክ አባባል ይታወቃል፤ «የለም፣ ነገሩ በተቃራኒው ይመስላል» ማለት ነው። ሁሉም ሰላም ነው ካሉ እሱ ጦርነት ነው ብሎ ይጽፋል። ጥሩ ሐሳብ ነው።

በጥቅምት 7 ቀን 2023 ግን ያው ደገመ። ከ1973ቱ 50 ዓመት ከ1 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የሐማስ የጥቃት ዕቅድ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ በእስራኤል እጅ ገብቶ ነበር። «የኢያሪኮ ግንብ» የሚል የምስጢር ስም ሰጥተውታል። ዕቅዱን ያዩት ሰዎች ምኞት ነው፣ አቅሙ የለውም አሉ። በ2023 ሐምሌ አንዲት ተንታኝ የሐማስ ልምምድ ከዕቅዱ ጋር እንደሚመሳሰል ጽፋ አስጠነቀቀች። በናሃል ኦዝ ካምፕ ስክሪን ላይ ተተክለው ድንበሩን የሚቃኙት ወጣት ሴት ወታደሮችም ያልተለመደ እንቅስቃሴ እያዩ ለወራት ተናገሩ። ላይ ያሉት ግን ሐማስ ለጊዜው ጦርነት አይፈልግም የሚል ጽንሰ ሐሳብ ይዘዋል። የጋዛ ሰዎች እስራኤል ገብተው እንዲሠሩ የተሰጠው ፈቃድና ከኳታር የሚገባው ገንዘብ አረጋግቶታል ብለው አምነዋል። በዚያ ቀን 1200 ገደማ ሰዎች ተገደሉ፤ 251 ታግተው ተወሰዱ። ከእነዚያ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ተገደሉ፣ ሌሎቹ ታገቱ። ከዚያ በተከተለው ጦርነት ደግሞ በጋዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል።

ተቃዋሚ ክፍል መክፈቱ ለምን አልበቃም? እኔ የሚመስለኝ፣ ሥራው መቃወም የሆነ ሰው ሲቃወም ማንም አይደነግጥም። «ሥራው ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሚከብደው የሲማን ቶቭ ዓይነቱን ማዳመጥ ነው። መቃወም ሥራው አይደለም፤ ግን ያየውን አይቷል።

አሁን ኢራቅ። በ1999 አንድ ኢራቃዊ መሐንዲስ ጀርመን ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። «ከርቭቦል» የሚል የምስጢር ስም ወጣለት። ሳዳም በከባድ መኪና ላይ የሚንቀሳቀስ የባዮሎጂ መሣሪያ ላቦራቶሪ አለው አለ። የጀርመን ስለላ ድርጅት የቃሉን ማጠቃለያ ለአሜሪካ ላከ፤ ሰውየውን ግን በቀጥታ እንዲጠይቁት አልፈቀደም። የሚገርመው ይህ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በየካቲት 5 ቀን 2003 በመንግሥታቱ ድርጅት ፊት ላቦራቶሪዎቹን በሥዕል ሲያሳዩ፣ የሲአይኤው ኃላፊ ጆርጅ ቴኔት ከኋላቸው ተቀምጠው ነበር። የነገሩ ዋና ምንጭ ግን በአሜሪካ መርማሪ አልተጠየቀም። በ2011 ሰውየው ራሱ ዋሽቼ ነው ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ሳዳም እንዲወርዱ ፈልጌ ነበር አለ።

ተቃዋሚ አልነበረም እንዳይሉ። ኢራቅ የገዛቻቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለኒውክሌር ነው ሲባል፣ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ለሮኬት ነው ብለው ጽፈዋል። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነው የተባለበትን ሰነድ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሐሰተኛ ነው ብለዋል። እንግሊዝም ውስጥ በሐምሌ 2002 የተጻፈ የስብሰባ ማስታወሻ ኋላ ወጣ። አሜሪካ መረጃውን ከፖሊሲው ጋር እያስማማች ነው የሚል የእንግሊዝ የስለላ ኃላፊ ግምገማ ተጽፎበታል። በ2004 የአሜሪካ የራሷ መርማሪ ቡድን የተባለው መሣሪያ ክምችት እንደሌለ አረጋገጠ።

እዚህ ጋ ለተሳፋሪዎችዎ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። የኢራቁ ጉዳይ ንጹሕ ስሕተት ብቻ አይደለም። ገዢው ምን መስማት እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቅ ነበር። ግን ሙሉ በሙሉ ፈጠራም አይደለም። በ1991 ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ የሳዳም የኒውክሌር ሥራ ሲአይኤ ከገመተው በላይ ርቆ መሄዱ ተገኝቷል። የመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ደግሞ ገና ትኩስ ነበር። ሁለቴ ዝቅ አድርጎ የገመተ ሰው በሦስተኛው ከፍ ያደርጋል። ሳዳምም ቢሆኑ ኢራን እንዳትደፍራቸው ሲሉ ባዶ እጃቸውን መሆናቸውን በግልጽ ማሳየት አልፈለጉም።

የኢራቅ ጥላ እስከ 2022 ዘልቋል። አሜሪካ ሩሲያ ዩክሬንን ልትወር መሆኑን በወራት ቀድማ አውቃ ነበር። የሲአይኤው ኃላፊ ዊልያም በርንስ በኅዳር 2021 ሞስኮ ድረስ ሄዱ። ከዚያም ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ምስጢሩን ራሳቸው እያወጡ ለዓለም ተናገሩ። ብዙ አውሮፓውያን ግን አላመኑም። ፑቲን ይህን ያህል ዋጋ አይከፍሉም ብለው አሰቡ። የኢራቁን ሥዕልም አልረሱትም። ጦርነቱ በየካቲት 24 ሲጀመር የጀርመን ስለላ ድርጅት ኃላፊ ኪየቭ ውስጥ ነበሩ፤ በመኪና አድርገው መውጣት ነበረባቸው። የፈረንሳይ ወታደራዊ መረጃ አዛዥም ከሥራቸው ተነሡ። አሜሪካኖቹም ግማሹን ነው ያገኙት። ወረራውን አወቁ፣ ኪየቭ ግን በቀናት ትወድቃለች ብለው ነበር። ታንክ በሳተላይት ይቆጠራል። ሰው ለአገሩ ምን ያህል እንደሚዋጋ አይቆጠርም።

ሬዲዮዎ ላይ «የደኅንነት ምንጮች እንደገለጹት» ሲባል እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። መጀመሪያ፣ ነገሩን በዓይኑ ያየው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። ከዚያ ከራሳቸው መካከል ያልተስማማ መሥሪያ ቤት ካለ እፈልጋለሁ፤ በኢራቅ ጊዜ እውነቱ የነበረው እነሱ ጋ ነው። በመጨረሻ ይህ ወሬ እውነት ቢሆን የሚጠቀመው ማነው እላለሁ። ይህን የመጨረሻውን ግን ብቻውን አይያዙት። በ2022 ያላመኑት አውሮፓውያን አንዱ ጥርጣሬያቸው ይኸው ነበር። አሜሪካ ለራሷ ጥቅም እያጋነነች ነው ብለው ነበር፤ ወረራው ግን መጣ።

ስለ ማርዋን አንድ ነገር ሳልነካ አለፍኩ። ሰውየው በእርግጥ ለሞሳድ ይሠራ ነበር ወይስ ለግብፅ ሲሠራ እስራኤልን ያታለለ ድርብ ሰላይ? ዜይራ ድርብ ነው ይላሉ፣ ሞሳድ አይደለም ይላል፣ ግብፅ ደግሞ አገር ወዳድ ነው ብላ በክብር ቀበረችው። እኔ ወደ ሞሳድ ወገን አዘነብላለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ዘገየ እንጂ እውነት ነበርና። ከፈለጉ ይጻፉልኝ፣ በሰፊው እመለስበታለሁ።